የሊንተን ባቡር በማን እጅ ሞተ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ ልኮልኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው እንደ እኔው እዚህ እንግሊዝ አገር የሚኖሩ ወገናችን ናቸው። የጻፉትም በሰሜን ዴቨን ከባርንስታፕል ከተማ ተነሥቶ፣ በኤክስሙር ኮረብቶች ጥግ ጥጉን እየታከከ፣ ወደ ሊንተን ይወጣ ስለነበረው ትንሽ የባቡር መስመር ነው። መስመሩ ከቆመ 90 ዓመት ገደማ ሆኖት እያለ ሰዎች ዛሬም ፉርጎውን እየጠገኑ፣ ሐዲዱን መልሰው እየዘረጉ መሆናቸው አስገርሟቸዋል። በመገረም ቢያበቁ ኖሮ እኔም ብዕር አላነሣም ነበር።

የጽሑፋቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ መስመሩን በ1960ዎቹ የዶክተር ቢቺንግ መቀስ ቆረጠው። ድሮም የሀብታም ጎብኚ መጫወቻ ነበር። ገበያ ፈርዶበት ስለሞተ አያሳዝንም። ያለቀሱለት ሰዎች ራሳቸው አይሳፈሩበትም ነበር። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ጉዳያችን አይደለም። ዛሬ የሚደክሙለትም ጊዜያቸውን ለዝገት የሰጡ ሰዎች ናቸው። በየተራ እመልሳለሁ፤ አንዳንዱ ሁለት መስመር ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ግን ሰፊ መልስ ይፈልጋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቢቺንግ ልጀምር። ዶክተር ሪቻርድ ቢቺንግ የእንግሊዝን ባቡር ስለማሳነስ ያዘጋጁት ሪፖርት የወጣው በመጋቢት 1963 ነው። የሊንተን ባቡር ለመጨረሻ ጊዜ የሄደው እሑድ መስከረም 29 ቀን 1935 ነው። በመካከላቸው 27 ዓመት አለ፤ አንድ የዓለም ጦርነትም አለ። ይህን የማነሣው ቀን ለማረም ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ የተዘጋ ባቡር ሁሉ የቢቺንግ ሥራ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ብቻ ከ1,000 ማይል በላይ መስመር ለተሳፋሪ ተዘግቷል። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ጭነን ስናበቃ ከእርሱ በፊት የወሰኑት ሰዎች ከተጠያቂነት ያመልጣሉ። የሊንተንን ባቡር የገደሉት ውሳኔዎች ደግሞ ከ1935ም ይቀድማሉ። አንዳንዶቹ እንዲያውም ባቡሩ ሳይወለድ በፊት የተወሰኑ ናቸው።

“መጫወቻ” የሚለውን ቃል ጸሐፊው ከምን እንዳመጡት ይገባኛል። በሐዲዱ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ 597 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛ የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ 1 ሜትር ነበር፤ ያም ጠባብ ይባል ነበር። የመስመሩ ዋና አቋቋሚ ሰር ጆርጅ ኒውንስ ሀብታም የመጽሔት አሳታሚ እንደነበሩና ሊንተን ላይ ትልቅ ቤት እንደሠሩም እውነት ነው። ጎብኚ እንዲመጣ ፈልገዋል፤ ይህንንም አልክድም።

ግን መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ይከተሉት። ቼልፋም፣ ብራተን ፍሌሚንግ፣ ብላክሙር፣ ፓራኮምብ፦ እነዚህ የገበሬ መንደሮች ናቸው። ከ1898 በፊት ከእነዚህ መንደሮች ባርንስታፕል ገበያ የሚወርድ ሰው ወይ በእግሩ ወይ በፈረስ ጋሪ ነበር የሚሄደው። ባቡሩ 31 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ጠመዝማዛ መንገድ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰው ነበር። ከተሳፋሪው ጋር የጭነት ፉርጎ አብሮ ይጎተታል። ቼልፋም ላይ ከሸለቆው 21 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ 8 ቅስት ያለው፣ ከነጣ ጡብ የታነጸ ድልድይ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ሥሩ ቆሞ ቀና ብሎ ያየው ሰው መጫወቻ አይለውም።

ሎኮሞቲቮቹም ታሪክ አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፣ ዮ፣ ኤክስ እና ቶ፣ ሊድስ ከተማ በሚገኘው በማኒንግ ዋርድል ፋብሪካ ተሠሩ። ስማቸው የአካባቢው ወንዞች ስም ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፉ እያንዳንዳቸው ሦስት ፊደል ብቻ። አራተኛው ሲያስፈልግ ግን የእንግሊዝ መካኒኮች የ8 ሰዓት የሥራ ቀን ጠይቀው፣ ባለፋብሪካዎቹ በር ዘግተውባቸው፣ ከ1897 አጋማሽ እስከ 1898 መባቻ የዘለቀ ትግል ላይ ነበሩ። በዚህ ምክንያት ፋብሪካዎቹ ሥራ ተደራርቦባቸው ስለነበር አራተኛው፣ ሊን የተባለው፣ ፊላዴልፊያ ከሚገኘው ከቦልድዊን ፋብሪካ ታዘዘ፤ በክፍልፋይ ተጭኖ አትላንቲክን ተሻግሮ ባርንስታፕል ላይ ተገጣጠመ። የአንድ የገጠር ባቡር ጎታች የዘመኑን የሠራተኛ ትግል ታሪክ ተሸክሞ ይሄድ ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጸሐፊው “ገበያ ፈረደበት” ይላሉ። በባለአክሲዮኖቹ በኩል ይህ ነው የሚባል ትርፍ እንዳልተገኘ አምናለሁ። ገበያ ግን ከሰማይ አይወርድም። ሐዲዱ በየት እንደሚሄድ፣ ጣቢያው የት እንደሚቆም፣ መንገዱን ማን እንደሚጠግን የወሰኑት ሰዎች ናቸው፤ ገበያው የፈረደው እነሱ ባስቀመጡለት ነገር ላይ ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔ የሐዲዱ ስፋት ነው። ጠባብ ሐዲድ ለተራራማ አገር ይረክሳል፤ ኩርባውን በጠባቡ ያዞራል፤ ዳገቱን እየተጠመዘዘ ይወጣል። ነገር ግን ባርንስታፕል ሲደርስ ከዋናው የአገሪቱ ሐዲድ ጋር አይገናኝም። አንድ ጆንያ ከለንደን ተጭኖ ሊንተን ለመድረስ ባርንስታፕል ላይ በሰው እጅ ከትልቁ ፉርጎ ወርዶ በትንሹ መጫን ነበረበት። በየቀኑ፣ ለ37 ዓመት። ያ ጉልበት ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ውሳኔ ጣቢያው ነው፤ እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የሊንተን ጣቢያ ሊንተን ውስጥ አልነበረም። ከከተማው 75 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከዓይን ተሰውሮ፣ ኮረብታው ላይ ነው የተሠራው። ኒውንስና የከተማው ታላላቅ ሰዎች የባቡር ጭስና ጫጫታ የሪዞርታቸውን መልክ እንዳያበላሽ ፈልገው ነበር። ስለዚህ ከባርንስታፕል አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዞ የመጣ ሰው መድረሻው ላይ ወርዶ አይደርስም። ሻንጣውን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ዳገት ይወጣዋል። ባሕሩ ዳር ወዳለው ሊንማውዝ የሚሄድ ከሆነማ ገና ሌላ ቁልቁለት ይጠብቀዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ወደዚያ ይዣት ሄጄ ነበር። የድሮው ጣቢያ ሕንፃ አሁን የሰው መኖሪያ ቤት ነው። ከውጭ ቆመን አየነው። እናቴ በልጅነቷ ከለገሃር ተሳፍራ ድሬዳዋ የወረደች ናት፤ ጣቢያ ማለት ለእሷ ከባቡር ስትወርድ ከተማው መሐል የሚያደርስ ነገር ነው። ዙሪያዋን አየችና “ከተማውስ የት አለ?” አለችኝ። ወደ ታች አሳየኋት። ዝም ብላ ቆየችና፣ “እንደ ለቡ ነዋ!” አለች። በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አዲሱ መስመር ጣቢያ፣ ፉሪ ለቡ፣ ከከተማው ዳር መቆሙን ማለቷ ነው። የድሮው ባቡር ለገሃር ድረስ ይገባ ነበር። ከኤክስሙር ኮረብታ ላይ እናቴ በአንድ ቃል የተናገረችውን እኔ ለማስረዳት ይህን ሁሉ ወረቀት ፈጀሁ።

ለዚህ ማነጻጸሪያም እዚያው ሊንተን አለ። ኒውንስ ገንዘብ ያወጡበት ሌላ ሐዲድ በ1890 ተከፍቷል፤ ሊንተንን ከሊንማውዝ በገደሉ ላይ የሚያገናኘው የገደል ባቡር ነው። ሁለት ፉርጎዎች በገመድ ተያይዘዋል፤ ላይኛው ታንኩን ውኃ ይሞላል፣ ታችኛው ውኃውን ያፈሳል፣ ከባዱ ሲወርድ ቀላሉን ይጎትተዋል። ሞተር የለውም። ሐዲዱ 263 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከፍታው 150 ሜትር ገደማ ነው። እሱም ለጎብኚ ነው የተሠራው፤ እሱንም የሚያስኬደው የግል ኩባንያ ነው፤ መኪናም መጥቶበታል። ዛሬም ይሠራል። ሰው ከሚነሣበት ተነሥቶ ሰው የሚሄድበት ቦታ ስለሚያደርስ ይሠራል። ዋና ደጋፊያቸው አንድ ሰው፣ ከተማቸው አንድ፤ አንዱ ኖረ፣ አንዱ ሞተ። በገበያ ብቻ ይህን ማስረዳት ከባድ ነው።

ሦስተኛው ነገር መንገዱ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪናና አውቶቡስ በረከተ፤ መንገዱም ተሻሻለ። ባቡሩ ሐዲዱን፣ ድልድዩን፣ አጥሩን ሁሉ የሚጠግነው ከትኬትና ከጭነት ከሚያገኘው ገቢ ነው። አውቶቡሱ የሚሄድበት መንገድ ግን ከአካባቢው ነዋሪና ከተሽከርካሪ ሁሉ በሚሰበሰብ ግብር የሚጠገን የጋራ መንገድ ነው። ከዚህም በላይ በእንግሊዝ ሕግ ባቡር የመጣለትን ጭነት ሁሉ በታወጀ ዋጋ የማጓጓዝ ግዴታ ነበረበት። ባለ ካሚዮኑ ያንን ዋጋ አይቶ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚያዋጣውን ጭነት መርጦ ይወስዳል፤ የማያዋጣው ለባቡሩ ይተርፋል። አንዱ እጁን ታስሮ፣ አንዱ እጁ ተፈትቶ የሚታገሉበት ሜዳ ነበር።

አራተኛውን ጸሐፊው ጨርሰው አላነሡትም። የሊንተን ባቡር በ1923 ሳውዘርን ሬልዌይ በተባለው ትልቅ የባቡር ኩባንያ ሥር ገባ። ሳውዘርን መጀመሪያ ላይ በቅንነት ሞክሯል ማለት ይቻላል፤ በ1925 አምስተኛውን ሎኮሞቲቭ፣ ሉ የተባለውን፣ ገዝቶለታል። በ1929 ግን ያው ሳውዘርን ሬልዌይ በሰሜን ዴቨን አውቶቡስ በሚያስኬደው በሳውዘርን ናሽናል ኩባንያ ውስጥ የግማሽ ድርሻ ባለቤት ሆነ። ስለዚህ በ1935 ባቡሩ ሲዘጋ ተሳፋሪው የተላለፈው ሳውዘርን ግማሽ ድርሻ ወዳለው አውቶቡስ ነው። ይህን ሸፍጥ ነው አልልም፤ ለሂሳብ ሠራተኛው ትክክለኛ ስሌት ሊሆን ይችላል። ግን ተፎካካሪ አሸነፈው ለማለት በመጀመሪያ ተፎካካሪ መኖር አለበት።

“ያለቀሱለት ራሳቸው አይሳፈሩበትም ነበር” የሚለው ነጥብ ከጸሐፊው ነጥቦች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ በአብዛኛው እቀበለዋለሁ። በ1935 የመዘጋቱ ነገር ሲመከር የሊንተን ተወካዮች ባርንስታፕል ወደተጠራው ስብሰባ የመጡት በባቡሩ ሳይሆን በመኪና እንደነበር እስከ ዛሬ ይነገራል። የአካባቢው ሰው ራሱ እያፈረ የሚያወራው ታሪክ ነው። በመጨረሻው እሑድ ባቡሩ ጢም ብሎ መሙላቱም ይህንኑ ያሳያል፤ ያ ሕዝብ በየሳምንቱ ቢመጣ ኖሮ ያ ቀን ባልደረሰ። ዮ እና ሉ ሁለት ሆነው ጎተቱት።

ጸሐፊው ከዚህ የሚደርሱበት መደምደሚያ ግን አልተዋጠልኝም። ስብሰባ የሚጠራ የከተማ ተወካይ በዚያ ዘመን መኪና ያለው ሰው ነው። የብራተን ፍሌሚንግ ገበሬ ሚስት ቅርጫቷን ይዛ ባርንስታፕል ገበያ ስትወርድ ስብሰባ አልተጠራችም። ማን አለቀሰ፣ ማን ተሳፈረ ብለን ስንቆጥር፣ ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ሰው እንዳልሆኑ ማሰብ ይገባናል።

በማግስቱ አንድ ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል መኮንን ባርንስታፕል ጣቢያ ላይ የአበባ ጉንጉን አኖረ። ካርዱ ላይ የጻፈው ወደ አማርኛ ሲመለስ “ምናልባት አልሞተም፤ ተኝቷል እንጂ” የሚል ነበር። ጸሐፊው ይህን “የፈረንጅ ድራማ” ብለውታል። በማቴዎስ ወንጌል “ብላቴናይቱ ተኝታለች እንጂ አልሞተችም” የሚለውን ሰምቶ ላደገ የእኛ አንባቢ ግን ቃሉ እንግዳ አይደለም። እዚያም ቢሆን የሰሙት ሰዎች ስቀውበት ነበር።

“እኛን ምን አገባን?” ለሚለው መልሴ አጭር ነው። የሊንተን ባቡር የመጨረሻ ጉዞውን ያደረገበት ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18 ቀን 1928 ነው። የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ነው። በዚያ ሳምንት የእኛ አያቶች ስለ ዴቨን ባቡር ግድ ሊኖራቸው አይችልም፤ እንዲኖራቸውም አልጠብቅም። ጸሐፊውና እኔ ግን ዛሬ የምንኖረው እዚህ ነው። ልጆቻችን እዚህ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ግብር እዚህ እንከፍላለን፣ መንደራችን ባቡር ሲያጣ የምንቸገረው እኛ ነን። ከገደል ባቡሩ በቀር ሊንተን ዛሬም ባቡር የለውም። ወደ ባሕሩ ዳር ወደ ኢልፍራኮምብ ይሄድ የነበረው ትልቁ መስመርም በ1970 ስለተዘጋ በዚያ በኩል ሐዲዱ ባርንስታፕል ላይ ያበቃል። የምንኖርበትን አገር ታሪክ ማወቅ የራስን መርሳት አይደለም።

የመጨረሻው ነጥባቸው በጎ ፈቃደኞቹን ይመለከታል። ጊዜያቸውን ለዝገት የሰጡ ናቸው ተብሏል፤ ይህ ነጥብ አናዶኛል።

ባቡሩ እንደተዘጋ ንብረቱ በዚያው ዓመት ኅዳር በጨረታ ተሸጠ። ሐዲዱ ተነቀለ። ዮ፣ ኤክስ፣ ቶ እና ሊን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሆኑ። ሉ ብቻ ሐዲዱን ለመንቀል እንዲረዳ ተረፈና የራሱን መንገድ ራሱ ካስነቀለ በኋላ በ1936 መርከብ ላይ ተጭኖ ወደ ብራዚል ሄደ። እኔ የምኖርባት ብሪስቶል ውስጥ የተሠሩት ፉርጎዎች ለገዛቸው ሁሉ ተበተኑ። አንዱ የአንድ ቄስ አትክልት ቦታ ውስጥ የበጋ ማረፊያ ሆኖ ቆይቶ ዛሬ በዮርክ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ይገኛል። ሌላው ስናፐር በምትባል ትንሽ ማቆሚያ ላይ ለ24 ዓመት ዝናብ ሲመታው ኖሮ በ1959 ዌልስ ውስጥ ያለው የፌስቲኒዮግ ባቡር ሰዎች አንሥተው ወስደው ጠገኑት።

ተራ ሰዎች ተሰባስበው የሚሞት ባቡርን በነጻ ጉልበታቸው ማኖር እንደሚችሉ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1951 ነው፤ ዌልስ ውስጥ ባለው በታሊሊን መስመር። ለሊንተን 16 ዓመት የዘገየ ሐሳብ ነበር። የሊንተንን ባቡር የሚያስቡ ሰዎች በማኅበር የተደራጁት በ1979 ነው። በ1995 ዉዲ ቤይ የተባለውን ጣቢያ ገዙ። ጣቢያው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ነፋስ በማያጣው ሜዳ ላይ ይገኛል። በ2004 ባቡር እንደገና ሄደ፤ አሁን እስከ ኪሊንግተን ሌን ድረስ 1 ማይል ያህል ይሄዳል። ከየግቢውና ከየሜዳው የተለቀሙትን የፉርጎ ቅሪቶች አድሰው ሐዲድ ላይ መልሰዋቸዋል፤ እኔም ተሳፍሬባቸዋለሁ። የጠፋውን ሊንንም ከባዶ አዲስ አድርገው ሠርተውታል፤ በ2017 ተጠናቀቀ።

ጸሐፊው “የትም የማያደርስ 1 ማይል” ብለውታል። ዛሬ እውነት ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ብላክሙር የሚገኘውን የድሮውን ጣቢያ ገዝተው ያቆዩት ለማየት ብቻ አይደለም፤ ሐዲዱን ወደዚያ ለማድረስ ነው። ቦይለር የሚበይድ ጡረተኛ፣ ቅዳሜውን ሰጥቶ የሐዲድ ጠጠር የሚያፈስ መምህር፣ አጠገባቸው ቆሞ እንጨት መላግ የሚማር የ16 ዓመት ልጅ፦ ይህን ዉዲ ቤይ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላ ቦታ በገንዘብ የሚሸጥ ሙያ እዚያ በነጻ ከሽማግሌ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ይህን ዝገት ብሎ የጻፈ ሰው ቦታውን አላየውም ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ እጋብዛቸዋለሁ።

ከብሪስቶል አብረን እንሂድ፤ እስከ ባርንስታፕል በባቡር፣ ከዚያ በመኪና። ወደ ዉዲ ቤይ ከመሄዳችን በፊት ግን ሊንተን ከተማ መሐል እንውረድ። ከዚያ እናቴ “ከተማውስ የት አለ?” ወዳለችበት ወደ ድሮው ጣቢያ ዳገቱን በእግራችን እንውጣው፤ ሻንጣ ይዘን። ላይ ስንደርስ ስለ ገበያው እንነጋገራለን።